ፔዳሉ ሲሰምጥ፦ የመኪና ፍሬን ብልሽትን በፊዚክስ መመርመር

መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ እግሩ የፍሬኑን ፔዳል የሚያገኝበትን ከፍታ ሳያስበው ያውቀዋል። አንድ ቀን ግን ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ወደ ወለሉ ይጠጋል፤ ለቅቆ ደግሞ ሲረግጠው ወደ ቦታው ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ብዙ ነጂዎች «በሁለተኛው ይይዛል» ብለው ራሳቸውን አጽናንተው ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። ሒሳቡ ግን የሚያጽናና አይደለም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በእያንዳንዱ ሴኮንድ ወደ 14 ሜትር ይሄዳል። ፔዳሉን ለቅቆ እንደገና ለመርገጥ ግማሽ ሴኮንድ ቢጠፋ፣ መኪናው በቂ ፍሬን ሳይዝ 7 ሜትር ያህል ተጉዟል ማለት ነው። ኳሱን ተከትሎ ወደ አስፋልት ለሚሮጥ ሕፃን እነዚህ 7 ሜትሮች የሕይወትና የሞት ልዩነት ሊሆኑ ይችላሉ።

በዚህ ጽሑፍ የፍሬን ፔዳል ዝቅ የሚልባቸውን ምክንያቶች፣ አንዱን ከሌላው የምንለይባቸውን ቀላል ሙከራዎችና የጥገናውን መንገድ እንመለከታለን። ዓላማችን አንባቢያንን በአንድ ቀን መካኒክ ማድረግ አይደለም። በክፍል ውስጥ የተማርናቸው ጥቂት የፊዚክስ ሕጎች ኮፋኖ ከፍቶ ለቆመ ሰው ምን ያህል እንደሚጠቅሙ ማሳየት ነው።

የአንዲት አሮጌ መኪና ታሪክ

ከመካከላችን የአንዱ መኪና ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ፍሬን ያላት አሮጌ የቤት መኪና ናት። ፔዳሏ ዝቅ ማለት ሲጀምር ወደ ጋራዥ ተወሰደች። «ዋናው ፖምፓ አርጅቷል» ተባለና በአዲስ ተተካ። ፔዳሉ ግን ምንም ለውጥ አላሳየም። አዲሱ ዕቃ ብልሹ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ሌላ ተገጠመ፤ ውጤቱ ያው ሆነ። ባለቤቱ ለሁለት ፖምፓዎችና ለሁለት ጊዜ ሥራ ከከፈለ በኋላ መኪናዋ በገባችበት ሁኔታ ወጣች።

መካኒኩ ሰነፍ ነበር ለማለት አንደፍርም። የተሳሳተው ምርመራው ከመጠናቀቁ በፊት ወደ መፍትሔው በመቸኮሉ ነው። እኛም ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት ተሰብስበን ጥያቄውን በሌላ መልክ አነሣነው፦ እግራችን የገፋው ፈሳሽ የት ሄደ? ይህ አጭር ጥያቄ የመላው ጽሑፋችን ቁልፍ ነው።

ፔዳል የሚለካው ምንድን ነው?

ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1662 ሲሆን፣ ስለ ፈሳሾች ሚዛን የጻፈው ጥናት በ1663 ታትሟል። በስሙ የሚጠራው ሕግ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ሳይቀንስ በሁሉም አቅጣጫ እንደሚተላለፍ ይነግረናል። የመኪና ፍሬን የዚህ ሕግ ቀጥተኛ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ዱዘንበርግ የተባለው የአሜሪካ አምራች በአራቱም ጎማዎች ላይ በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ ፍሬን ያለው መኪና ለገበያ አቅርቧል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፔዳሉ በመጀመሪያ ተራ ማንሻ ነው፤ የእግርን ኃይል ያበዛል፣ ጉዞውን ግን በዚያው ልክ ያሳጥራል። ማንሻው መካኒኮች ማስተር ሲሊንደር በሚሉት በዋናው ፖምፓ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል። የተገፋው የፍሬን ዘይት በቱቦዎች አልፎ በየጎማው ያሉትን ፒስተኖች ያንቀሳቅሳል፤ እነርሱም የፍሬኑን ሸራ ከዲስኩ ወይም ከታምቡሩ ጋር ያጣብቁታል።

ሒሳቡን ለማቅለል የሚከተሉትን ቁጥሮች እንውሰድ። ማንሻው ኃይልን 4 ጊዜ የሚያበዛ፣ የዋናው ፖምፓ ፒስተንም 4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ይሁን። እግራችን በ200 ኒውተን ኃይል ቢረግጥ ፒስተኑ ላይ 800 ኒውተን ያርፋል። ግፊቱ 2 ሚሊዮን ፓስካል፣ ማለትም ከባሕር ወለል የአየር ግፊት ወደ 20 ጊዜ የሚበልጥ ይሆናል። ይህ ሰርቮ የተባለው አጋዥ መሣሪያ የሚጨምረውን ኃይል ሳንቆጥር ነው።

አሁን ጉዞውን እንመልከት። ፔዳሉ 1 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ፒስተኑ የሚሄደው ሩብ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህም በ4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሲባዛ 1 ሴንቲ ሜትር ኩብ ፈሳሽ ይሆናል። ስለዚህ በዚህች መኪና ላይ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር የፔዳል ጉዞ አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ፈሳሽ ማለት ነው። የፔዳሉ ከፍታ የኃይል መለኪያ ሳይሆን የይዘት መለኪያ ሆነ። ፔዳል ዝቅ አለ ስንል ከወትሮው የበለጠ ፈሳሽ አንድ ቦታ እየሄደ ነው ማለታችን ነው።

ፈሳሹ የሚሄድባቸው አራት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ክፍተት ነው። ሸራው ከታምቡሩ ከራቀ ፒስተኖቹ እርሱን ለማድረስ ብዙ መጓዝ አለባቸው። ከኋላ ሁለት ፖምፓዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ፒስተን ስላላቸው በድምሩ አራት ፒስተኖች ይሆናሉ። የእያንዳንዱ ስፋት 3 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆንና እያንዳንዱ ከሚገባው በላይ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢጓዝ፣ የሚፈለገው ተጨማሪ ፈሳሽ 2.4 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። ፔዳሉም 2.4 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ክፍተት በእግር ላይ ገደል ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ይገባል። «ሸራው ስላለቀ ፔዳሉ ወረደ» ሲባል እንሰማለን። በዲስክ ፍሬን ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይደለም። ሸራው ባለቀ ቁጥር ፒስተኑ ወደ ፊት እየወጣ ክፍተቱን ራሱ ይሞላዋል፤ የሚወርደው ፔዳሉ ሳይሆን በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው የዘይት መጠን ነው። በታምቡር ፍሬን ግን ክፍተቱን የሚጠብቀው ባለ ጥርስ ማስተካከያ በዝገት ከተያዘ ሸራው ሲያልቅ ፔዳሉ አብሮ ይወርዳል። ዲስክ ፍሬንም ቢሆን የጎማው ኩሽኔታ ከላላ ወይም ዲስኩ ከተጣመመ ይቸገራል፤ የሚወላገደው ዲስክ ፒስተኑን ወደ ኋላ ይመልሰውና ቀጥሎ የሚመጣው ርግጫ ባዶ ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ አየር ነው። የፍሬን ዘይት በ20 የአየር ግፊት ሲጨመቅ ይዘቱ የሚቀንሰው ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። አየር ግን እንግሊዛዊው ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 ባሳተመው ሕግ ይገዛል፤ ሙቀቱ ሳይለወጥ ግፊቱ 20 ጊዜ ሲያድግ ይዘቱ ወደ ሃያኛው ይወርዳል። በቱቦው ውስጥ የቀረ 1 ሴንቲ ሜትር ኩብ አየር ሲጨመቅ ከ0.9 ሴንቲ ሜትር ኩብ በላይ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ፔዳሉም ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ይሰምጣል። አየሩ እንደ ሞላ ስለሚገፋ እግራችን ስፖንጅ የረገጠ ይመስለናል። አርጅተው የሚለጠጡ የጎማ ቱቦዎችም ተመሳሳይ ስሜት ይሰጣሉ።

ሦስተኛው መንገድ ወደ ውጭ የሚፈስ ዘይት ነው። የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የላላ መገጣጠሚያ፣ ወይም ጎሚኒ የሚባለው የፒስተኑ የጎማ ማሸጊያ ያለቀበት የኋላ ፖምፓ ዘይቱን ያፈስሳል። የአሁን መኪኖች ፍሬን በሁለት የተለያዩ መስመሮች የተከፈለ ነው፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይሠራል። ስለሆነም መኪናው ቢቆምም ፔዳሉ በጣም ዝቅ ማለቱ አንደኛው መስመር መጥፋቱን ሊያመለክት ይችላል።

አራተኛው መንገድ ከውጭ የማይታይ ነው። በዋናው ፖምፓ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ሲያልቅ ዘይቱ በፒስተኑ ጎን አምልጦ ወደ መጣበት ይመለሳል። ከመሬት ላይ ጠብታ የለም፤ የማጠራቀሚያው መጠንም አይቀንስም። ፔዳሉ ግን እግር ሥር ቀስ እያለ ይወርዳል።

አራቱን የምንለይባቸው ሙከራዎች

ሙከራዎቹ ሁሉ የሚደረጉት መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ወይም በእንጨት ተደግፈው ነው።

በመጀመሪያ እናያለን። የማጠራቀሚያው ዘይት ከዝቅተኛው ምልክት በታች ወርዶ እንደሆነ፣ በየጎማው ውስጠኛ ገጽ፣ በቱቦዎቹና ዋናው ፖምፓ ከሰርቮው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ርጥበት እንዳለ እንመረምራለን። ርጥበት ካለ ሦስተኛው መንገድ ተገኝቷል።

በሁለተኛ ደረጃ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን በፍጥነት ሦስት አራት ጊዜ እንረግጣለን። ፔዳሉ በየርግጫው ከፍ እያለ መጥቶ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ክፍተት አለ ብለን እንጠረጥራለን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፔዳሉ ፈጥኖ ሲለቀቅ ሸራዎቹ ወደ ቦታቸው ሳይመለሱ ተጨማሪ ዘይት ከማጠራቀሚያው ወደ ፖምፓው ይገባል፤ ቀጣዩ ርግጫ የሚጀምረው ከዚያ ላይ ነው። ፔዳሉ ከፍ ቢልም እንደ ስፖንጅ ለስላሳ ሆኖ ከቀረ ግን ተጠርጣሪው አየር ነው።

በሦስተኛ ደረጃ ፔዳሉን በመጠነኛ ኃይል ረግጠን ለአንድ ደቂቃ ያህል እንይዛለን። ቀስ እያለ ከወረደና የውጭ ፍሳሽ ከሌለ፣ ዋናውን ፖምፓ የምንጠረጥረው በዚህ ጊዜ ነው። አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ፔዳሉን እንደረገጥን ሞተሩን ስናስነሣ ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ቢል ሰርቮው መሥራት መጀመሩን ያሳያል እንጂ ብልሽት አይደለም።

በአራተኛ ደረጃ የእጅ ፍሬኑ ከኋላ ሸራዎች ጋር በተያያዘባቸው መኪኖች ላይ የእጅ ፍሬኑን ስበን ፔዳሉን እንደገና እንረግጣለን። የእጅ ፍሬኑ ሸራዎቹን በሽቦ ጎትቶ ከታምቡሩ ጋር ስለሚያገናኝ ክፍተቱን ለጊዜው ይዘጋዋል። ፔዳሉ በአንድ ጊዜ ከፍ ካለ፣ ፈሳሹ ይሄድ የነበረው ወደ ኋላ ክፍተት ነበር።

የአሮጌዋ መኪና መልስ

በጓደኛችን መኪና ላይ ዘይቱ አልጎደለም፤ ርጥበትም አላገኘንም። በሦስተኛው ርግጫ ፔዳሉ ከፍ ብሎ ጠነከረ፤ ይዘነው ስንቆይም አልወረደም። ዋናው ፖምፓ ጤነኛ እንደሆነ ይህ ብቻውን ነገረን፤ ምናልባትም የመጀመሪያው ፖምፓ እንኳ ጤነኛ ነበር። የእጅ ፍሬኑን ስንስብ ፔዳሉ ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ አለ።

ታምቡሮቹ ሲከፈቱ የአንዱ ጎማ ማስተካከያ በዝገት ተጣብቆ ተገኘ። የሌላኛው ደግሞ ይዞራል፤ ነገር ግን የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ተገጥመው ነበር። የሁለቱ ጥርብ አቅጣጫ ተቃራኒ ስለሆነ፣ ቦታቸው ሲለዋወጥ ማስተካከያው ክፍተቱን በማጥበብ ፈንታ ያሰፋዋል። ማስተካከያዎቹ ተፈትተው ጸዱ፤ ሙቀት የሚችል ግራሶ ተቀብተው በትክክለኛው ቦታቸው ገቡ። ታምቡሩ በእጅ ሲዞር ሸራው በስሱ እስኪነካው ድረስ ክፍተቱ ጠበበ። ፔዳሉ ወደ ቀድሞ ከፍታው ተመለሰ። አንድም አዲስ ዕቃ አልተገዛም።

ሲሞቅ የሚሰምጥ፣ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ

ከሁሉ የሚያታልለው ግን ጋራዥ ሲደርስ የሚድን ፔዳል ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ እናስብ፤ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ ወደ 14.7 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ይህ ሙቀት ከ40 ሊትር በላይ ውሃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስከ 100 ዲግሪ ለማድረስ ይበቃል። ነጂው ማርሽ ሳይቀንስ በፍሬን ብቻ ከወረደ፣ የዚህ ሙቀት አብዛኛው ዕዳ በጥቂት ኪሎ ግራም ብረት ላይ ያርፋል።

የተለመደው የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ላይ ርጥበት ይስባል። ዶት 3 የተባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ይጠበቅበታል፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲቀላቀልበት ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። ያረጀ ዘይት በጋለው ፒስተን ዙሪያ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎትም እንደ አየር ይጨመቃል። ፔዳሉ ወለሉን ይነካል። መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል፤ ፔዳሉም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ከፍ ብሎ ይገኛል። «አሁን ደኅና ነው» ማለት ቀጣዩን ቁልቁለት መዘንጋት ነው። መፍትሔው ዘይቱን ሙሉ በሙሉ መቀየርና ሲወርዱ በከባድ ማርሽ የሞተሩን ኃይል መጠቀም ነው። ብዙ አምራቾች ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ገደማ እንዲቀየር ይመክራሉ።

አየር ማስወጣትና ሌሎች ጥንቃቄዎች

አየር ለማስወጣት ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ። አንዱ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሌላው በጎማው በኩል ያለውን የአየር ማስተንፈሻ ቡሎን ይከፍታል። ከቡሎኑ ላይ የተሰካ ግልጽ ቱቦ ጫፉ ንጹሕ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። ዋናው ሥርዓት ፔዳሉ ከመለቀቁ በፊት ቡሎኑ መዘጋቱ ነው፤ አለበለዚያ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። በየመካከሉ ማጠራቀሚያው መሞላት አለበት። የጎማዎቹ ቅደም ተከተል እንደ መኪናው ይለያያልና መመሪያ መጽሐፉን ማየት ይገባል፤ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል የኤሌክትሮኒክ ፍሬን ያላቸው አንዳንድ መኪኖችም ልዩ መሣሪያ ይፈልጋሉ።

ደጋግሞ አየር ቢወጣለትም ለስላሳ ሆኖ የሚቀር ፔዳል ካጋጠመ የማስተንፈሻውን ቦታ እንመልከት። አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ማስተንፈሻውም ከላይ መሆን አለበት። በጥገና ጊዜ የግራና የቀኝ ካሊፐሮች ከተለዋወጡ ማስተንፈሻው ከታች ይሆንና አየሩ ከላይ ታስሮ ይቀራል።

በአሮጌ መኪና ላይ ፔዳሉን እስከ ወለሉ መርገጥ አይመከርም፤ ጎሚኒው ለዓመታት ያልደረሰበትን ዝገት የያዘ የፖምፓ ክፍል ሲያልፍ ሊቀደድ ይችላል። የሞተር ዘይት ከፍሬን ዘይት ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻል። ከቱቦው የወጣ ዘይት ተመልሶ አይጨመርም። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር አይገባም፤ ጠንካራ ደጋፊ ያስፈልጋል። የታምቡር ብናኝ በአየር ኃይል አይነፋም፤ የቆዩ ሸራዎች ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖራቸው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ጥገናው ካለቀ በኋላ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ ይፈተሻል፤ ቀጥሎም ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ በዝግታ ይሞከራል።

በጉዞ ላይ ፔዳሉ ድንገት ቢሰምጥ ደግሞ ደጋግሞ መርገጥ፣ ማርሽ ደረጃ በደረጃ መቀነስ፣ የእጅ ፍሬኑንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ መሳብ ያስፈልጋል። ደጋግሞ መርገጥ ከአደጋ ማምለጫ እንጂ የየዕለት መንጃ ዘዴ አይደለም።

ለውይይት የቀረበ ጥያቄ

አንድ ሰው «ፔዳሌ ዝቅ ካለ ሰፊ ፒስተን ያለው ፖምፓ ልግጠም» ቢል ምን እንመልስለታለን? በምሳሌያችን ስፋቱ ከ4 ወደ 5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢያድግ ለ2.4 ሴንቲ ሜትር ኩብ ፈሳሽ የሚያስፈልገው የፔዳል ጉዞ ከ2.4 ወደ 1.9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ፔዳሉ ከፍ ይላል። ነገር ግን በተመሳሳይ የእግር ኃይል የሚገኘው ግፊት በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል፤ መኪናውም ለመቆም ብርቱ እግር ይፈልጋል። ክፍተቱም እንዳለ ነው፤ የተደበቀው ምልክቱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ፔዳል ሲሰምጥ ከመፍቻው በፊት ጥያቄው ይቅደም። ፈሳሹ ወደ ክፍተት ሄዷል? አየር ለመጭመቅ ውሏል? ወደ ውጭ ፈስሷል? ወይስ በፖምፓው ውስጥ ተመልሷል? አምስተኛ ሰበብ የሚመስለን ሁሉ ቢመረመር አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ በአንዱ ሥር ይወድቃል። ለጥያቄው መልስ ሳያገኙ ዕቃ መቀየር ገንዘብ ያባክናል፤ ሳይጠይቁ መንዳት ግን ከገንዘብ የከበደ ያስከፍላል።